ከሥራ ባልደረቦች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልመን ልናጠምድ ነው (ዌስትፖርት፣ ዋሽንግተን)

ትርሲት_ኬንት
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት የምህንድስና ቢሮ በኦገስት መጨረሻ አሥር ሰው ይዞ ዌስትፖርት ሊወጣ ነው፤ አዘጋጂዋ እኔ ነኝ። አብዛኞቻችን የዓሣ ዘንግ ይዘን አናውቅም። ጀልባ እንዴት ይመረጣል? ፈቃድ ማን ያወጣል? ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ምን ያድርግ? ዓሣው ሲይዝስ ምን ይደረጋል? ከተያዘ በኋላ ሲያትል እስኪደርስ እንዳይበላሽ የሚያውቅ በዝርዝር ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ_መልሕቅ
ትርሲት ልጄ፣ ከጀልባው እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው።

በቻርተር (ከነካፒቴኑ በሚከራዩ) ጀልባዎች ዘንድ «ሲክስ ፓክ» የሚባለው ካፒቴኑ በያዘው ፈቃድ ከስድስት በላይ ከፋይ ተሳፋሪ መጫን የማይችል ትንሽ ጀልባ ነው። ለአሥር ሰው ሁለት ያስፈልጋችኋል ማለት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ባሕር ላይ ተለያይተው ይውላሉ። ሌላው ምርጫ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) መርምሮ ያጸደቀው ትልቅ ጀልባ ነው። ዓላማው ባልደረቦች አንድ ላይ እንዲውሉ ከሆነ እኔ ትልቁን እመርጣለሁ። ሲንገላታ ይሻላል፣ መጸዳጃ ቤቱም ሰፋ ይላል፣ አንድ ሰው ቢታመም ገብቶ የሚቀመጥበት ክፍል አለው።

ስትደውዪ አንድ ጥያቄ እንዳትረሺ፦ «ሙቺንግ ነው ወይስ ትሮሊንግ?» በሙቺንግ ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጀልባው ከነፋስና ከሞገድ ጋር ይንሳፈፋል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዘንግ ይዞ ለማባበያ የተቆረጠ ሄሪንግ (ትንሽ ዓሣ) ወደ ታች ይለቃል። በትሮሊንግ ጀልባው በሰዓት ከ2 እስከ 3 ማይል ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ዘንጎቹ መያዣ ላይ ተሰክተው ተራ ይጠበቃል። ትሮሊንግ ብዙ ውሃ ስለሚሸፍን ዓሣው የተበታተነ ቀን ይበልጣል። ለእናንተ ግን ሙቺንግ ነው የምለው። ሁሉም ሰው በእጁ የሚይዘው ሥራ አለው፣ ንክሻውን ራሱ ይሰማዋል፣ ተራ ሲጠብቅ ውሎ ሳይደርሰው የሚመለስ የለም።

የራሳችሁን ዘንግ አትያዙ። ጀልባው ላይ ያለው ዘንግ፣ ክርና ክሩን የሚያሰጥመው እርሳስ ከጎረቤት ዘንግ ጋር እንዲስማማ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። አንዱ የሁለት አውንስ እርሳስ፣ አጠገቡ ያለው የስድስት ቢያስር ክሮቹ በተለያየ ማዕዘን እየተንሳፈፉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይተበተባሉ።

ዘንግና_መረብ
ጋሼ ጀልባውን ጨርሰዋል፤ እኔ ወደ ፈቃዱ ልሂድ።

በዋሽንግተን ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቻርተር ላይ መሆን ነጻ አያደርግም፤ ቢሮው ለጀልባው መክፈሉም ፈቃድ አይተካም። ለአንድ ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ አለ፣ ብዙ የቻርተር ቢሮዎችም እዚያው ይሸጣሉ። ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አሥር ሰው ተሰልፎ መታወቂያ ሲፈልግ መዘግየት አይቀርም። ሁሉም ከሁለት ቀን በፊት በኢንተርኔት ያውጣና ይዞ ይምጣ። ዓመታዊው ፈቃድ የሚቆጠረው ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ስለሆነ ባለፈው በጋ የገዛ ሰው አሁንም እንዳለው እንዳይመስለው።

ከፈቃዱ ጋር የዓሣ መመዝገቢያ ካርድ አለ። ሳልመኑ «የራሴ ነው» ተብሎ እንደተያዘ ወዲያውኑ ይመዘገባል፤ ወደብ ስንደርስ የሚባል ነገር የለም። ተቆጣጣሪ ወደቡ ላይ ቆሞ ካርዱንና ዓሣውን ያመሳክራል።

በአካባቢው ባሕር ለሳልመን የሚፈቀደው መንጠቆ ባለ አንድ ጫፍ ሆኖ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ የሌለው ነው። ስንት ዓሣ፣ የትኛው ዝርያ፣ ምን ያህል ርዝመት የሚለው ግን በየዓመቱ ይቀየራል፤ ኮታው ሲሞላም ወቅቱ በመካከል ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በጉዞው ዋዜማ የክልሉን የዓሣና ዱር እንስሳት መምሪያ ገጽ «ማሪን ኤሪያ 2» በሚለው ሥር ተመልከቺ። ዌስትፖርት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሰላም_ነርስ
የባሕር ሕመምን በተመለከተ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው ቀኑን የሚያጣው በዚህ ነው።

ዌስትፖርት በሲያትል በኩል እንዳለው እንደ ፒዩጀት ሳውንድ የተከለለ ውሃ አይደለም። ዌስትፖርት ካለበት ከግሬይስ ሃርበር ባሕረ ሰላጤ አፍ ስትወጡ «ባር» የሚባለውን ጥልቀት የሌለው ቦታ ትሻገራላችሁ። የውቅያኖሱ ሞገድ እዚያ ከወንዙና ከማዕበሉ ውሃ ጋር ስለሚጋጭ ጀልባው ይነሣል ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ቁጭ ብሎ መያዝ ነው፤ ፎቶ ለማንሳት መቆም አያስፈልግም።

መድኃኒት የሚሠራው ቀድሞ ሲወሰድ ነው። ሜክሊዚን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይገኛል፤ አንዱን ማታ ከመተኛት በፊት፣ አንዱን ጀልባው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት መውሰድ የተለመደ ነው። ካጥወለወለ በኋላ የሚዋጥ ኪኒን ተመልሶ ይወጣል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ትዕዛዝ ነው፤ ከብዙ ሰዓት በፊት ይለጠፋል፣ የነካ እጅ ዓይን ከነካ የዓይን ብሌን ስለሚያሰፋ እጅ መታጠብ ግድ ነው። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለቱንም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ሜክሊዚን እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚል የሚነዳው ሰው ከመውሰዱ በፊት ያስብበት።

ማታ መጠጥ አይብዛ። ጠዋት ባዶ ሆድም ቅባት የበዛበት ቁርስም ጥሩ አይደለም፤ ደረቅ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ዝንጅብል ይበቃል። ጀልባው ላይ ከኋላ በኩል ቆሞ አድማሱን ማየት፣ ስልክ አለማየት፣ ከናፍጣ ጭስ መራቅ። መጀመሪያ ሲያዛጋና ምራቅ ሲበዛ ያ ምልክቱ ነው፤ ወደ ውጭ አየር መውጣት ያኔ ነው። ሰው ብርድ ሸሽቶ ዝግ ክፍል ውስጥ ሲተኛ ይብስበታል።

ልብስ ደግሞ ጥጥ አይሁን፤ ሲረጥብ ያበርዳል። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ከውስጥ፣ የዝናብ ካፖርትና ሱሪ ከላይ፣ የማያንሸራትት የጎማ ቦት። በኦገስትም ቢሆን ንጋት ላይ ውቅያኖሱ ይበርዳል።

ትርሲት_ኬንት
እግዜር ይስጥልኝ ሰላምዬ። ጋሼ፣ ዓሣው ሲነክስ የሚደረገውን ቢያስረዱኝ? ፊልም ላይ ዘንጉን በኃይል ወደ ኋላ ይስቡታል፤ እንደዚያ ነው?

ጋሽ_መልሕቅ
አይደለም ልጄ፤ በሙቺንግ ጀማሪ ዓሣ የሚያጣው በዚያ ነው።

መጀመሪያ ሄሪንጉን እወቁት። ጭንቅላቱ በሰያፍ ተቆርጦ ሁለት መንጠቆ ገብቶበታል፤ ሰያፉ ነው ውሃ ውስጥ እንደ መሰርሰሪያ የሚያሽከረክረው። ሳልመን የሚመጣው የቆሰለ ዓሣ የሚዞር መስሎት ነው። ወደ ታች ከመልቀቃችሁ በፊት ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ሳብ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ካልተሽከረከረ ዴክሃንዱን (የካፒቴኑን ረዳት) ጥሩት። ቅርፊቱ የረገፈ፣ ሆዱ የተቀደደ ሄሪንግ አያብረቀርቅም፣ አይዞርም። ንክሻ ባይሰማችሁም በየአሥራ አምስት ደቂቃው አውጥታችሁ እዩት። የፀሐይ ክሬም የነካ ጣት ማባበያውን አይንካ፤ ሳልመን ሽታ አጥብቆ ይለያል።

ጥልቀት የሚነገራችሁ በ«ፑል» ነው። ክሩን ከሪሉ (ከክር መጠቅለያው) አጠገብ ይዛችሁ እስከ መጀመሪያው ቀለበት ስትስቡት አንድ ፑል ነው፤ ሁለት ጫማ ገደማ። «ሃያ ፑል» ከተባለ ቁጠሩ። አንዱ ዓሣ ሲይዝ «ስንት ላይ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የቆጠረ ሰው ለሌሎቹም ይጠቅማል።

አሁን ንክሻው። ሳልመን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሄሪንጉን ይመታዋል፣ ይነካካዋል፤ እጃችሁ ላይ ቲክ ቲክ ይላል። ያኔ ከነጠቃችሁ ማባበያውን ከአፉ ታወጡበታላችሁ። እጅ ቀስ ብሎ መጠቅለል ይጀምራል። ዘንጉ ጎብጦ ክብደት ሲሰማ፣ እየጠቀለላችሁ ጫፉን ወደ ላይ ከፍ ታደርጋላችሁ፤ መንጠቆው ራሱ ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ክሩ ድንገት ይረግባል። ዓሣው ሄሪንጉን ይዞ ወደ ላይ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ እስክትደርሱበት በፍጥነት ጠቅልሉ። «አመለጠ» ብሎ የቆመ ሰው ያኔ እውነትም ያመልጠዋል።

ከተያዘ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፦ ክሩ አይርገብ። መንጠቆው ጥርስ ስለሌለው ለአንድ ሰከንድ እንኳ ቢረግብ ዓሣው ራሱን ነቅንቆ ይተፋዋል። ጫፉን ከፍ አድርጉ፣ ዝቅ ስታደርጉ ጠቅልሉ። ሲሮጥ የሪሉን እጀታ ልቀቁ፤ አንዳንድ የሙቺንግ ሪል እጀታው ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ጣት ይመታል። ድራጉን (የሪሉን ፍሬን) አትንኩ፤ ዴክሃንዱ ከክሩ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ላይ አስተካክሎታል። ሲደክማችሁ ማጥበቅ ያምራችኋል፤ ያኔ ነው የሚበጠሰው።

ዓሣው ጀልባውን ሲያይ አንዴ መሮጡ አይቀርም። ተዘጋጅታችሁ ጠብቁት። እርሳሱ በቀለበቱ ስለማያልፍ ጫፉ ጋ ሲደርስ መጠቅለል አቁሙ፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ዓሣውን በጭንቅላቱ ወደ መረቡ ምሩት። መረቡን የሚይዘው ዴክሃንዱ ነው። ባልደረባ ለመርዳት ብሎ ከጭራው በኩል መረብ ከሰነዘረ ዓሣው በአንድ ምት ይወጣል።

ሐዋሳ_ልጅ
ጋሼ፣ አሥር ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ዓሣ ሲይዝ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ?

ጋሽ_መልሕቅ
በቅርብ ያሉት ክራቸውን ይጠቀልላሉ። ዓሣው ወደ ጎን ከሮጠ የያዘው ሰው ተከትሎት ይሄዳል፤ በሌሎች ዘንግ ላይ ወይም ሥር እየተላለፈ። ዴክሃንዱ «በላይ» ወይም «በሥር» ይላል፤ ሳይከራከሩ መታዘዝ ነው። የቢሮው ኃላፊም ቢሆን እዚያ ሰዓት አለቃው ዴክሃንዱ ነው።

ዘንግና_መረብ
አሁን ወደ መለየቱ እንሂድ፤ ሕግ የሚጣሰው እዚህ ጋ ነው።

በኦገስት ዌስትፖርት ላይ በዋናነት የምታገኙት ኮሆና ቺኑክ የሚባሉትን የሳልመን ዝርያዎች ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ፒንክም ይጨመራል። ቺኑክ ድዱ ጥቁር ነው፣ ነጥቡም በጭራው ላይኛውና ታችኛው ክፍል ላይ አለ። ኮሆ ጥርሱ ሥር ያለው ድድ ነጣ ይላል፣ ነጥቡ በጭራው ላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ፒንክ ጭራው ላይ ትልልቅ ሞላላ ነጥቦች አሉት፣ ቅርፊቱ ደቃቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ክንፉ ነው። ከጀርባው ትልቅ ክንፍና ከጭራው መካከል አንዲት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለች። በማርቢያ ጣቢያ ያደጉ ዓሦች ጫጩት ሳሉ እሷ ትቆረጣለች፤ ቦታው ላይ ጠባሳ ብቻ ይቀራል። ክንፏ ካለች የዱር ነው ብላችሁ ያዙት። በውቅያኖሱ ወቅት ኮሆ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ክንፏ የተቆረጠው ብቻ ነው። የዱሩ ተመልሶ ይለቀቃል፤ መለቀቅ ያለበትን ሳልመን ደግሞ ጀልባ ላይ ማውጣት ራሱ ክልክል ነው። ስለዚህ «አንዴ ለፎቶ» የሚል ባልደረባ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ዴክሃንዱ ውሃው ላይ እንዳለ መንጠቆውን ገልብጦ ይለቀዋል።

ልምምድ ከፈለጋችሁ ከጉዞው በፊት ሲያትል ያለው ባላርድ ሎክስ ሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የሚሠራ የመርከብ መተላለፊያ ነው፤ የዓሣ መሰላሉ ጎን የመስታወት መስኮት አለው። ቺኑክ በኦገስት፣ ኮሆ በሴፕቴምበር ሲያልፍ ፊት ለፊት ይታያል። የጭራ ነጥብና የክንፍ ጠባሳ እዚያ አይቶ የመጣ ሰው ጀልባ ላይ አይደናገርም። ነጻ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል።

ሐዋሳ_ልጅ
ጀልባ ላይ «ኢንዲያኖቹ ዓሣውን በመረብ ጨረሱት» የሚል ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ሳያውቅ የሚስማማ እንዳይኖር ነው የምጠይቀው፤ ነገሩ ምንድነው?

ዘንግና_መረብ
ጥሩ ጠየቅክ። ነባር ሕዝቦቹ በ1854 እና በ1855 በተፈረሙት ውሎች መሬታቸውን ሲሰጡ በለመዱት ቦታ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀው ነው። ክልሉ ያንን ለረጅም ጊዜ ሲከለክላቸው ቆይቶ በፌብሩዋሪ 1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ጎሣዎቹ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሹ ድርሻቸው ነው ብሎ ፈረደ፤ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋናው ነገር አጸናው። ከዚያ ወዲህ ጎሣዎቹ ከክልሉ ጋር አብረው አስተዳዳሪ ናቸው፤ ማርቢያ ጣቢያዎችም ያካሂዳሉ። በእንግድነት የምንኖርበት አገር ባሕር ላይ ስንወጣ ይህን ማወቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳልመኑን የጎዳው በዋናነት ግድብ፣ የደን ጭፍጨፋ፣ የተበላሸ ወንዝና ያለፈው ዘመን ከልክ ያለፈ ማጥመድ ነው።

እማማ_ጓዳ
ልጆቼ፣ ዓሣው ተይዞ ከመጣ በኋላ ያለውን እኔ ልንገራችሁ። ከባሕር የመጣ ሁሉ ጥሩ ዓሣ አይደለም፤ ሥጋው የሚወሰነው በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ነው።

እንደተያዘ ራሱን በዱላ ተመትቶ ይገደል፣ ወዲያው በጉንጩ ሥር ያለው ቀይ መተንፈሻ ይቆረጥና ደሙ ይፍሰስ። ደሙ ያልወጣለት ሳልመን ይሸታል፣ ሥጋው ይጠቁራል። ዴክሃንዱ ይህን ያደርጋል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን «የእኔንም ደሙን አፍስስልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ከዚያ በረዶ። ሆዱ ሲከፈት በአከርካሪው ሥር ያለው ጥቁር የደም መስመር በማንኪያ ተፍቆ ይውጣ፤ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

ወደቡ ላይ ዓሣ የሚበልቱ አሉ፤ የሚከፈለው ለብቻ ነው። ቆዳው እንዳይነሳ ንገሯቸው፤ ቆዳው ሥጋውን ይይዘዋል። መኪና ውስጥ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሳጥን ይኑር፤ በረዶው ከዓሣው ክብደት ግማሽ ቢያንስ። ሥጋው በከረጢት ታሽጎ በረዶው መካከል ይግባ። የቀለጠ ውሃ ውስጥ የዋለ ሥጋ ይላሽቃል፤ ውሃውን አፍስሱ።

አየር ወጥቶለት በታሸገ ፕላስቲክ ከተቀዘቀዘ ወራት ይቆያል። ሲቀልጥ ግን ከረጢቱን ቀዳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ታሽጎ እንዳለ ከቀለጠ አየር በሌለበት የሚያድገው የቦቱሊዝም ተዋሲያን ዕድል ያገኛል።

ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ደግሞ፦ የዱር ሳልመን ውስጥ ትል አለ። በአዋዜ ጥሬውን እንብላ የሚል ካለ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሰባት ቀን መቀዝቀዝ አለበት፤ የቤት ፍሪዘር ብዙ ጊዜ 18 አካባቢ ስለሆነ በቴርሞሜትር አረጋግጡ። ያለዚያ አብስሉት።

ጉላሽ የምትሠሩ እንደ ቆሮሶ ወይም እንደ አምባዛ አትቁጠሩት። ቁሌቱ በስሎ ካለቀ በኋላ ሳልመኑ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ አምስት ስድስት ደቂቃ፣ ሳይማሰል። ከቆየ ተፈርፍሮ ወጡ ውስጥ ይጠፋል።

ሰላም_ነርስ
እማማ፣ ፍልሰታንም አይርሱ። ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ዓሣም የማይበላ ጿሚ ብዙ ነው። ትርሲትዬ፣ ቀኑ ገና ካልተቆረጠ ከ22 በኋላ ብታደርጊው ጾመኛው ባልደረባሽ የያዘውን ትኩሱን ይበላል። ወቅቱ ያን ጊዜ ክፍት መሆኑን ግን አረጋግጪ።

ትርሲት_ኬንት
ወደ 23 ማዘዋወር እንችላለን፤ በጣም አመሰግናለሁ። ጉርሻስ? ደግሞ ቻርተሩ «የዓሣ ፑል» አለ ብሎኛል፤ ከላይ ከተባለው ፑል ጋር አንድ ነው?

ዘንግና_መረብ
አይደለም። ይህኛው እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ገንዘብ አዋጥቶ ትልቁን ዓሣ የያዘው የሚወስድበት ውርርድ ነው። በሃይማኖቱ ወይም በልማዱ ውርርድ የማይፈልግ ባልደረባ ሊኖር ስለሚችል የግድ አታድርጉት፤ ጀልባው ላይ ከመጠየቅም ቀድሞ ለብቻ መጠየቅ ይሻላል። ለዴክሃንዱ ጉርሻ ከቻርተሩ ዋጋ 15 እስከ 20 በመቶ ነው፣ በጥሬ ገንዘብ። ቢሮው ይክፈለው ወይስ እያንዳንዱ የሚለው ከጉዞው በፊት ይወሰን። ወደቡ ላይ አሥር ሰው ኪሱን ሲዳብስ ያሳፍራል። ደግሞ ሙዝ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ብዙ ካፒቴኖች ገደ ቢስ ነው ብለው ከልባቸው ያምናሉ፣ እምነታቸውን ማክበር ነው።

ጋሽ_መልሕቅ
አንድ ነገር ቀረ፤ መንገዱ። ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፦ በአይ-5 አውራ ጎዳና እስከ ኦሊምፒያ፣ ከዚያ ወደ አበርዲን፣ ከአበርዲን በመንገድ ቁጥር 105። ጀልባዎቹ ንጋት ላይ ስለሚነሱ ማታውኑ ሄዳችሁ ዌስትፖርት እደሩ። በሌሊት ነድቶ፣ መድኃኒት ውጦ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ተመልሶ የሚነዳ ሰው ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

ስትይዢም ባሩ ክፉ ሆኖ ካፒቴኑ ቢሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ሌላ ቀን ይሰጣል የሚለውን በጽሑፍ ጠይቂ። ካፒቴኑ «አልወጣም» ካለ አትጫኑት። ተለዋጭ ቀን ከወዲሁ ይኑራችሁ፤ አሥር ሰው የሥራ ቀጠሮ ያለው ስለሆነ ኋላ ቀን ማስማማት ከባድ ነው።

ትርሲት_ኬንት
ተለዋጭ ቀን ሴፕቴምበር 6 አድርጌያለሁ። ጋሼ፣ እማማ፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ፤ ለባልደረቦቼ ይህንን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ነገ እልክላቸዋለሁ።